የታደሰው መኪና ያው መኪና ነውን?

በአዳማ ከተማ ጋራዦች በተደረደሩበት ሰፈር ያለፈ ሰው፣ ሸራ ተጥሎበት፣ ጎማው ተንፍሶ፣ አፈር ለብሶ ለዓመታት የቆመ መኪና ሳያይ አይቀርም። መንገደኛው «ቁርጥራጭ ብረት» ብሎት ያልፋል። ባለቤቱ «የአባቴ መኪና» ይለዋል። መካኒኩ ደግሞ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ከሞተሩ ላይ አሳርፎ «ይነሣል» ይላል። ሦስቱም ስለ አንድ ዕቃ ቢናገሩም የሚያዩት ነገር የተለያየ ነው፤ አንዱ ቁሱን፣ ሁለተኛው ትዝታውን፣ ሦስተኛው ወደፊት ሊሆን የሚችለውን ያያል። እንግዲህ ያ መኪና ከወራት ድካም በኋላ ተነሥቶ ቢሄድ፣ የተነሣው ምንድን ነው? ቁሱ ነውን? ትዝታው ነውን? ወይስ ከሁለቱም የተለየ አዲስ ነገር ተወልዶ የአሮጌውን ስም ወርሷል?

ጥያቄው የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቀድመው የገቡት መኪኖች ዕድሜ ከምንጊዜውም ይበልጥ በጠጋኙ እጅ ላይ ወድቋል። ከዚያም በፊት ቢሆን የሕዝባችን ኑሮ በተጠገነ ነገር ላይ የቆመ ነበር፤ በተጠገነ ሞፈር ያርሳል፣ በተሰፋ ጫማ ይሄዳል፣ በተበየደ አውቶቡስ ይሳፈራል። ስለዚህ የታደሰ ነገር እውነተኛ ነው ወይስ ማስመሰያ ብሎ መጠየቅ፣ ስለ ብዙኃኑ ኑሮ እንደመጠየቅ ይቆጠራል።

በአገራችን የጣልያን የስፖርት መኪና ብርቅ ነው፤ የጣልያን ተሽከርካሪ ግን ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መንገዱን የሞላው ባጃጅ እንኳ የሕንድ ስም ይያዝ እንጂ የዘር ሐረጉ ከጣልያን ይመዘዛል። ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን፣ በ1948 ደግሞ ባለ ሦስት እግሩን አፔን አወጣ፤ የመጀመሪያው ስም «ተርብ»፣ የሁለተኛው «ንብ» ማለት ነው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ተሽከርካሪ መሥራት የጀመረው ከዚሁ ፋብሪካ ፈቃድ ወስዶ ነበር። ለብዙ ዘመን አዲስ አበባን ያገለገለችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን ከተማ የተወለደው ፊያት 124 በዚያው ዓመት በተደረገ ስምምነት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሻገረ። በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በጣልያናዊው ኮሙኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ከተማ ፋብሪካ ተተከለለት፤ ከ1970 ጀምሮም አዲስ አገርና አዲስ ስም ይዞ ወጣ። የዚያ አገር መሐንዲሶች ለሻካራ መንገድና ለብርቱ ቅዝቃዜ ሲሉ ከ800 በላይ ለውጦች እንዳደረጉበት ይነገራል።

ይኸው ፊያት 124 ሌላም ልጅ ነበረው። በዚያው በ1966 ለትዕይንት የቀረበው ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ጣሪያው የሚገለጥ፣ ለደስታና ለፍጥነት የተሠራ መኪና ነው። ገላውን የነደፈውና የሠራው ፒኒንፋሪና ነበር፤ ሞተሩን የፈጠረው ቀድሞ ለፌራሪ የሠራው መሐንዲስ አውሬልዮ ላምፕሬዲ ነበር። እስከ 1985 ድረስም ተመርቷል። እንግዲህ ጭነት በጣሪያዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣው ታክሲና ነፋስ እየሰነጠቀ የሚበርረው ስፓይደር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለጥያቄያችን እንዲመች ከዚህ ዓይነት አንዱ አዳማ ላይ ለሠላሳ ዓመት ቆሞ ነበር፣ ዛሬም ወደ መንገድ ሊመለስ ነው ብለን እናስብ።

ሥራው ከምን ይጀምራል? ችኩል ሰው ባትሪ ገጥሞ ቁልፉን ያዞራል። ዐዋቂው ግን እንዲህ አያደርግም። የዚህ ሞተር ቫልቮች የሚታዘዙት ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጋ ነው፤ ለብዙ ዓመት የቆመና የተሰነጣጠቀ ቺንጋ በድንገት ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሊድን የነበረው ሞተር ሊያድኑት በተነሡበት ሰዓት ይሞታል። ስለዚህ አስቀድሞ ቺንጋው ይለወጣል፤ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረጋል፤ ሞተሩም በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል። በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ እንደ ሙጫ የረጋው አሮጌ ቤንዚን ይጠረጋል፤ ካርቡራተሩ ተፈትቶ ይታጠባል። የፍሬን ዘይት እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው በቱቦዎቹና በፒስተኖቹ ላይ ዝገት ያስከትላል፤ ያም ሁሉ ይፈታል፣ ጎሚኒው ሁሉ ይቀየራል። የስምጥ ሸለቆ ደረቅ አየር የመኪናውን ገላ ከባሕር ዳር አገር ይልቅ ከዝገት ይጠብቀዋል፤ ፀሐዩ ግን ላስቲክና ጎማ የሆነውን ሁሉ ያደርቃል። ከውጭ የማይገኘውን ቡሽ የቶርኖ ባለሙያው ይቀርጸዋል፤ የተበላውን ፓራፋንጎ ባትላሜራው ከአዲስ ላሜራ ቀጥቅጦ ያወጣዋል። በመጨረሻ ቀለም ይቀባል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ማግስት ከፋብሪካው የወጣው ስንት እጅ ቀረ?

ይህን ጥያቄ የጥንት ግሪኮች በመርከብ ጠይቀውታል። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲያኖሩ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎችም መርከቡ ያው ነው ያው አይደለም እያሉ ይከራከሩበት ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ጥያቄውን አከበደው፤ የወጣውን አሮጌ ሳንቃ ሁሉ አንድ ሰው ሰብስቦ ሁለተኛ መርከብ ቢሠራበት፣ የቴሴዎስ መርከብ የትኛው ነው? አለ። ቁስን የሙጥኝ ያለ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። ግን ማንም ባልተጓዘበትና ማንም ባልጠበቀው ክምር ላይ የጀግናውን ስም መጻፍ ለኅሊና ይከብዳል።

መልሱን ሩቅ አገር ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም። በገጠር ያለ ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳኑ በየጊዜው ይለወጣል፤ ማገሩም ምሰሶውም በዘመናት ይተካል፤ ሕዝቡ ግን አያቶቹ የተሳለሙትን ያንኑ ደብር ይሳለማል እንጂ አዲስ ደብር ተሠራ አይልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል የመዘገበው የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሸጋግራል፤ ሰዎቹ ይለወጣሉ፣ ገዳ ግን ገዳ ነው፤ እንዲያውም ጸንቶ የኖረው በመለዋወጡ ነው። በመድረክ ሥራ ያለን ሰዎችም ይህን በየዕለቱ እናየዋለን። አንድ ተውኔት ከሃያ ዓመት በኋላ በሌሎች ተዋንያን፣ በሌላ መጋረጃ፣ በሌላ አዳራሽ ሲታይ ተመልካቹ ያንኑ ተውኔት አየሁ ይላል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድነትን የሚሰጠው ቁሱ ሳይሆን ያልተቋረጠው ጥበቃ ነው፤ አንዱ ለሌላው እያስረከበ የሚሄደው አደራ ነው።

ይህ አሳብ በፍርድ ቤትም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1990 እንግሊዝ አገር ስለ አንድ ዝነኛ የቤንትሌ የእሽቅድምድም መኪና ክርክር ተነሥቶ ነበር። መኪናው በ1929 እና በ1930 የለ ማንን ውድድር ያሸነፈ ሲሆን፣ በኋላ ዘመን ክፍሎቹ እየተለዋወጡ ከ1929ኙ የቀረው እጅግ ጥቂት ነበር። ገዢው ይህ እውነተኛው መኪና አይደለም አለ። ዳኛው ግን መኪናው ተበትኖ እንደገና የተሰበሰበ ሳይሆን በማያቋርጥ ታሪክ ውስጥ እየተለወጠ የመጣ ነው፤ ስለዚህም ያው መኪና ነው ብለው ፈረዱ። ከእነርሱ ፍርድና ከገጠር ምእመናን ልማድ በስተኋላ ያለው አስተሳሰብ አንድ መሆኑ ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ ያልተቋረጠ ታሪክ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ እርሱም እውነት ነው። የተለወጠው ተለወጠ፣ የቀረው ቀረ ተብሎ ካልተነገረ ሰንሰለቱ የቱ ላይ እንደተቀጠለ ማን ያውቃል? የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ቱሪን ላይ ያጸደቀው ቻርተር፣ ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ በ1964 የወጣውን የቬኒስ ቻርተር ፈለግ ተከትሎ፣ ጠጋኙ የሚያደርገው ለውጥ ሁሉ እንዲመዘገብና አዲሱ ከአሮጌው እንዲለይ ይመክራል። ለእኛ ይህ ባዕድ ምክር አይደለም። ሊብሬ የምንለው ደብተር የሻንሲና የሞተር ቁጥር የሚጻፍበት ይህንኑ እውነት ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን ሊብሬ ስለ ስቱኮ አይናገርም። የበሰበሰን ላሜራ ቆርጦ በመጣል ፈንታ ስቱኮ ለጥፎበት ቀለም የሚቀባ እጅ አለ፤ ያ መኪና በገበያ ቀን ያብረቀርቃል፣ በመጀመሪያው ክረምት ግን ያብጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሆኖም መኪና ላይ እውነት እስኪጠራ ድረስ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በማደስና በማስመሰል መካከል ያለው ድንበር የክፍሎቹ አዲስነት ወይም አሮጌነት አይደለም። በአዳማ እጅ የተቀጠቀጠ ፓራፋንጎ በአዳማ እጅ ተቀጠቀጠ ተብሎ ከተነገረ ሐቀኛ ፓራፋንጎ ነው፤ «ከፋብሪካው የመጣ ነው» የተባለ ዕለት ግን ያው ብረት ሐሰተኛ ይሆናል።

እንዲያውም ያ ፓራፋንጎ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሰርጂዮ ስካልየቲ በሞዴና ከተማ የፌራሪን ገላ ሲሠራ ዋና መሣሪያው መዶሻና ዐይን ነበር። በዚህ ረገድ ከአዳማው ባትላሜራ ጋር የሙያ ወንድማማቾች ናቸው። ልዩነቱ የአንደኛው ስም በመጻሕፍት መጻፉ፣ የሁለተኛው ከጋራዡ አጥር አለመውጣቱ ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ለረጅም ዘመን የተናቀ፣ በክፉ ስም የሚጠራ ሰው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። ይህ መገጣጠም ብዙ ይናገራል፤ ብረት ሠሪውን የናቀ አገር በብረት ላይ ተቀምጦ ሩቅ ሊሄድ አይችልምና። ንቀቱ በአዋጅ ተከለከለ እንጂ በአንድ ቀን አልጠፋም። ዛሬም ስለ አንድ ውብ መኪና ሲወራ የነደፈው ይመሰገናል፣ የገዛው ይደነቃል፤ ከሞት ያስነሣው ግን «ሠሪው ልጅ» ተብሎ ይታለፋል። የአደራው ሰንሰለት የተያያዘው በእርሱ እጅ ከሆነ፣ ስሙን መርሳት ከሰንሰለቱ አንዱን ቀለበት መስበር ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። መኪናው የጣልያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራ በመርዝ ጋዝና በየካቲት 12 ጭፍጨፋ ያለቀው ሕዝብ ልጆች የዚያን አገር ብረት እንደ ቅርስ ሊንከባከቡ ይገባልን? ስፓይደሩ ራሱ ከወረራው ሠላሳ ዓመት በኋላ የተሠራ ስለሆነ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ቀላል መልስ ነው፤ ግን ጥያቄውን አይዘጋውም። ትሬንታ ኳትሮ የተባለውን የጭነት መኪና፣ ፊያት 634ን፣ እናስብ። በወረራው ዘመን የጣልያንን ጦር ስንቅና ጥይት የተሸከመ ተሽከርካሪ ነበር። ወራሪው ሲወጣ እርሱ ቀረ፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የእኛን እህልና የእኛን ሰው ሲያመላልስ ኖረ። የጋራዥ ቋንቋችንም እንዲሁ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ጎማ፣ ባትላሜራ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ መጡ፤ ዛሬ ግን በአማርኛም በኦሮምኛም በሚነጋገሩ አፎች ውስጥ ያለ እንግድነት ይኖራሉ። ማንም ሰው «ካንዴላ» ሲል ለሮም አይሰግድም።

ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ የጦር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፤ በ1960 የተመረቀው ቆቃ የተሠራው በዚያ ካሣ ገንዘብ ነው። የፈሰሰው ደም በገንዘብ አይለካም፤ ቆቃም የሰማዕታቱ ዋጋ አይደለም። ሆኖም የበዳይ ዕዳ ብርሃን ሆኖ ሊወጣ እንደሚችል ያሳያል። ብረት ኃጢአት የለበትም፤ ኃጢአቱ ብረቱን ይዞ ታሪኩን መርሳት ነው። ስለዚህ የጣልያንን መኪና የሚያድስ ሰው ከየት እንደመጣ እያወቀ፣ የመጣበትንም መንገድ ሳይሰውር ቢያድሰው የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ አይደለም። ብዙ ሰው የዕለት ጉርስ በሚቸገርበት አገር፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚዝናናበትን መኪና ለማስነሣት ይህን ያህል ገንዘብና ጉልበት ማፍሰስ ተገቢ ነውን? ጭሱስ? አሮጌ የካርቡራተር ሞተር ከዘመኑ ሞተር ይልቅ አየር እንደሚበክል የታወቀ ነው። ለዚህ ተቃውሞ «የራሴ ገንዘብ ነው» ብሎ መመለስ መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው ሥራው ከባለቤቱ ደስታ አልፎ የሚተወው ነገር ካለ ብቻ ነው። በአንድ አሮጌ መኪና ዙሪያ የተሰበሰቡ ሦስት አራት ወጣቶች ተለውጦ የሚጣለውን ሳይሆን ተፈትቶ የሚጠናውን ነገር ይማራሉ፤ ፋብሪካው የማይልከውን ክፍል ለክቶ መቅረጽን፣ ያልተጻፈውን ከድምፁ መረዳትን ይማራሉ። ይህ ዕውቀት ነገ ለውኃ መሳቢያ ፓምፕ፣ ለወፍጮ፣ ለትራክተር ይተርፋል። ዕውቀቱ በባለሙያው ዘንድ ብቻ ተቀብሮ ከቀረ፣ ተለማማጁም ጎማ ከማቀበል በቀር ምንም ካልተማረ፣ ያን ጊዜ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መኪናው የአንድ ሰው መጫወቻ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ለማነጻጸር ያህል ሌላ የታደሰ ተሽከርካሪ እንመልከት። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ የሠራት «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በወራሪው ተወስዳ ለብዙ ዓመታት በጣልያን ሙዚየም ከኖረች በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። ፀሐይ ዳግመኛ አትበርርም፤ መብረርም የለባትም። እርሷ ብቸኛ ናትና ሥራዋ መታየትና መመስከር ነው። በሙዚየም የቆመ ነገር የሚጠየቀው ስለ ትናንት ብቻ ነው። ወደ መንገድ የሚመለስ መኪና ግን ስለ ነገም ይጠየቃል።

መንገድ ማለት ሌላ ሰው ያለበት ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ መኪና 1,600 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ቁልቁለት ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ላይ ቢሄድ ደግሞ ከጎኑ አውቶቡሶችና ባለ ተሳቢ የጭነት መኪኖች ይበርራሉ። ወደ ከተማው ሲገባ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ያገኛል። ለእነዚህ ሰዎች የመኪናው ገላ የፒኒንፋሪና መሆን አለመሆኑ ምንም አይደለም። ለእነርሱ የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ነው፤ ፍሬኑ ሲረገጥ መኪናው ይቆማል ወይ? የስፓይደሩ ሠሪዎች በአራቱም እግሮቹ ላይ የዲስክ ፍሬን ያደረጉለት ፍጥነትን የሰጠ እጅ መቆምንም መስጠት እንዳለበት ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ ለሠሪው ታማኝ መሆን የቀለሙን ዓይነት ከመምሰሉ በፊት በዚህ ይጀምራል። አንድ ጠጋኝ ገንዘቡ ቢያጥረውና ከቀለምና ከፍሬን አንዱን መምረጥ ቢኖርበት፣ ቀለሙን የመረጠ እንደሆነ ያደሰው መኪናን ሳይሆን የመኪናን ሥዕል ነው።

እንግዲህ የታደሰው መኪና ያው መኪና ነውን? ስንል፣ መልሱ ሞተሩን በመበተን አይገኝም። ሦስት ዕዳዎች ከተከፈሉ ያው ነው። የመጀመሪያው ለእውነት የሚከፈል ነው፤ የተለወጠው እንደተለወጠ ይነገር። ሁለተኛው ለእጅ የሚከፈል ነው፤ የሠራውም ያስነሣውም በስሙ ይጠራ፣ ዕውቀቱም ለሚቀጥለው ይተላለፍ። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ለመንገደኛው የሚከፈል ነው። ባለቤቱን የማያውቅ፣ መኪናውን የማያደንቅ፣ መንገድ አቋርጦ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው በደኅና ይለፍ። እነዚህ ካልተከፈሉ እያንዳንዱ ብሎን ከቱሪን የመጣ ቢሆንም እንኳ መኪናው በሐሰት ስም የሚሄድ እንግዳ ነው። ከተከፈሉ ደግሞ ግማሽ አካሉ በአዳማ መዶሻ የተቀጠቀጠ ቢሆንም ስሙን ሳያፍር ይሸከማል፤ በአሮጌው ስም ላይም የአዳማን ስም ይጨምርበታል።